አንድ ጨምር

ታርቱ ከተማ፣ ከወንዙ መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ አልቦት፣ ድልድዩ እንኳ ሳይታይ፣
የሞተ ሰው ደብተር ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤
ቀኑን በአንድ ዓምድ፣ የውሃውን ከፍታ በአንዱ እሞላለሁ።

ደብተሩ የኤልማር ቶምባክ ነው፣ የካቫስቱ ውሃ ለኪ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየጧቱ፣ ከወንዙ ዳር ተንበርካኪ።
እርሳሱ ደብዛዛ፤ ሰባቱ እንደ አንድ፣ አንዱ እንደ ሰባት፤
አንዱ ገጽ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቆ የቀረበት።

ማይሬ፣ አለቃዬ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
እንዲህ አለችኝ፣ ዳቦዋን በቆሟ እየበላች፦
«ብርድ ሲጠና ሰው ይሰንፋል፤
የትናንቱን ቁጥር ለዛሬ ይጽፋል።
ተከታታይ ድግምግም ካየሽ፣ ከሰባት ቀን ካለፈ፣
አጥፊው፤ ያን ወንዙ አልነገረውም፣ ከራሱ ነው የጻፈ።»

ቀመር ጻፍኩ። ቀመሩ እንዲህ ይላል፦
ይህ ሕዋስ ከላይኛው እኩል ከሆነ፣ አንድ ጨምር፤
ካልሆነ ያለፈውን ተወው፣ እንደገና ከአንድ ጀምር።
ከሰባት ከበለጠ ቀይ ቀባው።

ጎትቼ አወረድኩት፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት።
የመጀመሪያው ረድፍ ከላዩ ቁጥር የለም፣ ርዕስ ነው ያለበት፤
«ከፍታ» የሚል ቃል። ቁጥር ከቃል ጋር ሲተያይ
ቀመሩ አይደናገር፤ «አንድ» ብሎ ያልፋል፣ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ሳያይ።

አንድ። አንድ። ሁለት። አንድ። ሁለት። ሦስት። አንድ።
ወንዝ ነውና ጥቂት ያስባል፣ ከዚያ ይቀጥላል መንገድ።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ።
ሁለት። ሦስት። ዘጠኝ። አሥራ አራት።
ገጹ የተሰጣ በርበሬ መሰለ።
ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ፣ መቶ አርባ ሁለት፣
መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ አርባ ሁለት።

ኤልማር፣ ያዝኩህ! አልኩ፤ ከምድጃህ ጎን ተኝተህ፣
ወንዙን በሐሳብህ ለክተህ!
ጣቴ «አጥፋ» ላይ ነበር።

ከቁጥሮቹ ጎን፣ በጠባቡ ኅዳግ፣ የጉንዳን መንገድ የሚያህል ጽሑፍ አየሁ።
ማይሬን ጠራኋት። መነጽሯን አወረደች፣ አነበበች፦
«በረዶው አንድ ክንድ።»
«ዛሬም ቀደድኩ።»
«የመጥረቢያው እጀታ ተሰበረ፤ በዱላው ጨረስኩ።»
«ቀበሮ አየሁ፤ እሷም አየችኝ።»
«ሌይዳን አመማት፤ ቢሆንም ወረድኩ።»
ማይሬ ዳቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ከበረዶው በታች ወንዙ ቆሞ ነበር፤ ይኸው ነው።
ሃያ ሦስት ጊዜ ጠርቦ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጠይቆ፣
ያንኑ መልስ ይዞ ወጣ፣ ጢሙ በውርጭ ተጣብቆ።
ቀመሬ አይለይም፤ ከአልጋው ያልተነሣን ሰው፣
ሄዶ ያንኑ ካገኘው ጋር በአንድ ቀይ ነው የሚቀባው።

እኔ የተማርኩበት ፊደል የተገላቢጦሽ ነው፤
ድርብ ድምፅ ውጦ አንዴ ብቻ ይጽፋል።
«ገና» ሲላላ፣ ቆይ፣ ቀን አለ ማለት ነው፤
«ገና» ሲጠብቅ ልደት ነው፣ በር ይንኳኳል።
ወረቀቱ የቱን እንደሆነ አያውቅም።
አንባቢ ነው የሚያጠብቀው።
ኤልማርም እዚያ ውርጭ ላይ ያደረገው ሌላ አይደለም፦
ጠበቀ።

በሃያ አራተኛው ቀን መቶ አርባ ሦስት።
ኅዳጉ ባዶ። ቀመሩ፦ አንድ።

«ስንቱን አጠፋሽ?» አለችኝ ማይሬ ኮቷን እየለበሰች።
ገና ነኝ አልኳት።
አራተኛ ዓምድ ከፈትኩ። ርዕሱን «ሄዷል» አልኩት።
ሃያ ሦስቱንም ሳልጎትት፣ ሳልገለብጥ፣ በእጄ ጻፍኩ፤
ሄዷል። ሄዷል። ሄዷል።
አሥራ ሁለተኛው ላይ ሰለቸኝ።
እጄን አሸት አሸት አድርጌ
ወደ አሥራ ሦስተኛው ወረድኩ።